ገባ ወይስ አልገባም? ስለ ክፍያ ወግ በጎጃም ገበያ

ፈረንሳይ አገር ዳቦ ቤት የገባ ሰው ለመክፈል ብዙ መናገር አይጠበቅበትም። ሻጯ «ካርት?» ትለዋለች፤ «ዊ» ይላል፤ ካርዱን ወደ ማሽኑ ያስጠጋል፤ ማሽኑ ጢጥ ሲል ነገሩ አለቀ። ጥሬ ገንዘብ የያዘ ከሆነ «ኤስፔስ» ብሎ ሳንቲሙን ይቆጥራል። ፈረንሳይኛ የሚማር ሰው ይህን ትምህርት በቶሎ ይጨርሰዋል። ወሬው የሚያጥረው ብዙው ነገር ከሻጯና ከገዢው በፊት ስለተወሰነ ነው። እስከ 50 ዩሮ ድረስ ካርዱ የምስጢር ቁጥር ሳይጠየቅበት ይሠራል። የአገሩ ነዋሪ ከ1,000 ዩሮ በላይ የሆነ ዕዳ ለነጋዴ በጥሬ ገንዘብ እንዳይከፍል ሕግ ይከለክለዋል። ከዚያ በታች ግን ነጋዴው «ጥሬ ገንዘብ አልቀበልም» ቢል የሚቀጣው ራሱ ነው። ቼክ አልቀበልም ማለት ይችላል፣ አስቀድሞ ካስታወቀ። ሻጭና ገዢ ሊጠራጠሩበት የሚችሉትን ነገር ባንክ፣ ማሽንና ሕግ ተከፋፍለው ስለያዙት የቀረላቸው አንድ ቃል ብቻ ነው።

ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ሽንኩርት ወይም ቅቤ የሚገዛ ጎልማሳ ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ምልልስ ውስጥ ይገባል፦

«እማማ፣ በቴሌ ላድርግልዎ?»

«ኔትወርክ አለ እንዴ ዛሬ?»

«አለ፤ አሁን ለአንድ ሰው ልኬያለሁ።»

«እንግዲያ ለልጄ ላክለት። ቁጥሩን ያዝ።»

«ላክሁ። ገባ?»

«ቆይ ልደውልለት… ገብቷል አለ። በል ውሰድ፣ እግዜር ይስጥልኝ።»

ለአንድ ኪሎ ሽንኩርት ይህ ሁሉ ንግግር ብዙ ይመስላል። ግን አንድም ትርፍ ቃል የለበትም። ገንዘቡ በየት በኩል ይሂድ፣ መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ወይ፣ ተቀባዩ ማን ነው፣ መድረሱን የሚመሰክረው ማን ነው፣ ዕቃው ከእጅ የሚወጣው መቼ ነው፤ ይህን ሁሉ ሁለቱ ራሳቸው መጨረስ አለባቸው። በእኔ አስተያየት በገበያችን «በምን ትከፍላለህ?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ውስጡ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ጥርጣሬውን ማን ይያዘው? ጥያቄው ከስልክ ጋር የመጣ አይደለም። ጎጃም በጨው ሲገበያይም ነበረ።

ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ በረሃ መውረጃ፣ የጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ዘመን ከአገሪቱ ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ ከጉድሩ በኩል ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ ይመጣል፤ ሰውም በባርነት ይሸጥ ነበር። ከሰሜን የሚመጣው ነጋዴ ጨርቅና አሞሌ ጨው ይዞ ይጠብቃል። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ እዚያው አካባቢ ተቀምጦ ገበያውን ያየው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ስለ ንግዱ ጽፏል። አሞሌው ከአፋር የጨው ሜዳ ተፈልፍሎ፣ እንደ መሳያ ድንጋይ ተጠርቦ፣ በግመልና በበቅሎ ደጋውን የወጣ ገንዘብ ነው። ከቢክ ሦስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ የመጣው የፖርቱጋል ቄስ አልቫሬዝ የጨውን ዋጋ ሲገልጽ፣ ማዕድኑ አጠገብ በአንድ የወርቅ መክፈያ ከመቶ በላይ የሚገኘው ጨው ቤተ መንግሥቱ ዘንድ ሲደርስ ከአሥር በታች እንደሚሆን ጽፏል። ገንዘቡ በተጓዘ ቁጥር ይከብራል ማለት ነው። ጎጃም ደግሞ ከአፋር ሩቅ ነው።

ይህ ገንዘብ እንከኑን የማይደብቅ ገንዘብ ነበር። ጠርዙ የተሰበረ አሞሌ ከሙሉው እኩል አይሄድም፤ ስለዚህም ነጋዴው እንዳይሰበርበት በልጥ ያስረዋል። ከተሰበረ ከገንዘብነት ወጥቶ ወደ ወጥ ቤት ይወርዳል። ዝናብ ከነካው ይሟሟል። የጎጃም ክረምት ደግሞ ምን እንደሚመስል ለጎጃሜ አይነገረውም። እዚህ ላይ ጥርጣሬው በተቀባዩ ትከሻ ላይ ነበር፦ ዛሬ የተቀበልከውን ጨው እስክታወጣው ድረስ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ ከጭስ በላይ መስቀል፣ ከከብት ምላስ መጠበቅ ያንተ ዕዳ ነው። ስለዚህ ሻጭ ጨው ሲቀበል እያገላበጠ፣ እየመዘነ፣ ጠርዙን እየዳሰሰ ነበር። ድርድሩ በዕቃው ዋጋ ላይ ብቻ አልነበረም። በገንዘቡም ላይ ነበር።

የማሪያ ቴሬዛ ብር፣ እኛ ጠገራ የምንለው፣ ሲመጣ ጥርጣሬው ወደ ከፋዩ ዞረ። የኦስትሪያዋ ንግሥት በ1780 እ.ኤ.አ. ሞታለች፤ ብሯ ግን ከዚያ በኋላ በየትም አገር ሲቀረጽ ያው 1780 እንደተጻፈበት ቀረ። ክብደቱ ከ28 ግራም ጥቂት ያልፋል። የደጋው ሰው ይህን ብር ሲቀበል መልኩን ያነባል፦ በራሷ ጌጥ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ይቆጠራሉ፣ የትከሻዋ ጌጥ ይታያል፣ ከምስሏ በታች ያሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች ጠፍተው እንደሆነ ይመረመራል። ያረጀ፣ ጌጥ ሆኖ ተበስቶ የነበረ፣ ወይም ዕንቁው የደበዘዘ ብር ይመለሳል። የውጭ መንገደኞች በዚህ ተማርረው ጽፈዋል፤ ብሩ ውስጥ ያለው ብረት ያው ሆኖ ሳለ በአንዱ ገበያ የተወደደው በሌላው ይጣላልና። እነሱ እንደ ጅልነት አዩት። እኔ ግን ሌላ ነገር አይበታለሁ። ብሩን የሠራው መንግሥት በሩቅ ነው፤ ቅሬታ የሚቀርብበት ባንክ የለም፤ ሚዛንና አሲድ የያዘ መርማሪ በገበያው አይገኝም። የቀረው ዐይን ብቻ ስለሆነ ዐይን ሊያየው የሚችለው ምልክት ሕግ ሆነ። ከፋዩም እንከን የሌለበትን ብር መርጦ የማምጣት ግዴታ ወደቀበት።

ምኒልክ የራሳቸውን ብር ሲያስቀርጹ ይህን ልማድ አውቀው ነበር። ብሩ ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ መንግሥት መቅረጫ ቤት ተሠርቶ፣ 1887 ዓ.ም. ተጽፎበት፣ ክብደቱም ከጠገራው ጋር እንዲቀራረብ ተደርጎ መጣ። በአንድ በኩል የንጉሡ ምስል፣ በሌላው አንበሳ። ሕዝቡ ግን ብዙ ዘመን ከንግሥቲቱ አልተለየም። የራሱን ንጉሥ ብር ትቶ የባዕድ ንግሥት ብር መውደዱ አገር መናቅ አይደለም፤ ምልክቶቿን ማንበብ የለመደ ዐይን አዲስ ፊደል እስኪቆጥር ጊዜ ይፈልጋል። (ከፈረንሳይ የወረስነው የንግግር ቅርስ ግን ቆየ፦ «ሳንቲም» ከእነሱ ነው የመጣው፤ ሽማግሌዎች ለዝርዝር ገንዘብ «ፍራንክ» ሲሉም እንሰማ ነበር።)

ጣሊያኖችም ይህንኑ ተማሩት። አገሩን ሲይዙ ሊሬን በግድ ሊያስለምዱ ሞከሩ፤ ገበሬው ወረቀቱን ስላልፈለገው ጠገራውን ራሳቸው ሮም ላይ እስከማስቀረጽ ደረሱ። በጎጃም በኩል ንጉሠ ነገሥቱን አጅበው የገቡት እንግሊዞችም ለስንቅና ለሰው የሚከፍሉት በጠገራ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መጋቢት 28 ቀን 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲገቡ የሦስት መንግሥት ጦር በአንዲት በሞተች ንግሥት ብር እየተዳደረ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

ወረቀት ብር የጸናው ከዚያ በኋላ ነው። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ በሕግ ሲወጣ አብሮት ከጥሩ ብር የተሠራ ሃምሳ ሳንቲም ወጣ፤ ሰው ወረቀቱን የሚያምነው ሲፈልግ ወደሚያብረቀርቅ ብረት ሊለውጠው እንደሚችል ሲያውቅ ነው ተብሎ። ከጊዜ በኋላ ብረቱ ቀረ፣ ወረቀቱ ቆመ። ያን ጊዜ ጥርጣሬውን መንግሥት ወሰደው። ስለዚህም ስለ ገንዘቡ የሚነገረው ወሬ ወደ ጥቃቅኑ ወረደ፦ «ይሄ ተቀዷል፣ ቀይርልኝ»፣ «ድፍን ነው፣ ዝርዝር የለህም?»፣ «መልስ የለኝም፣ በቀረው ማስቲካ ውሰድ።» መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች እንደሚቀየሩና ባለ 200 ብር እንደሚጨመር ሲነገር ግን አሮጌው ጥርጣሬ ለጥቂት ወራት ተመለሰ። ገንዘቡን በጋን፣ በሣጥን፣ በጎታ ሥር ያስቀመጠ ገበሬ በሦስት ወር ውስጥ አውጥቶ ባንክ ማድረስ ነበረበት። ብዙ የገጠር ሰው የባንክ ደብተር የያዘው ያኔ ነው፤ ሌላውም ከዚያ በፊት በአብቁተ፣ በዛሬው ጸደይ ባንክ፣ የብድርና የቁጠባ ደብተር ለምዶ ነበር።

ከሁሉ ረጅሙን ወግ የሚጠይቀው ክፍያ ግን ገንዘብ የሌለበት ነው። ዱቤ። የሱቁ ግድግዳ «ዱቤ ዛሬ የለም፣ ነገ ይምጡ» ይላል፤ ባለሱቁ ከጠረጴዛው ሥር ደብተሩን ያወጣል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ማስታወቂያው ለማያውቀው ሰው የተጻፈ ነው፤ ደብተሩ ለሚያውቀው። ለደመወዝተኛ ዱቤ ቀላል ነው፣ ወሩ ሲያልቅ ያልቃል። ለገበሬ ግን የሚከፈልበት ቀን ወር አይቆጥርም። «ለጥምቀት»፣ «ጤፉ ሲወቃ»፣ «እህል ሲገባ» ነው የሚባለው።

እዚህ ላይ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ሳያሰላው የሚያልፈው እዚህ ነውና። በሐምሌና በነሐሴ የገበሬው ጎተራ ይጎድላል፣ የጤፍ ዋጋ ይወጣል። በታኅሣሥና በጥር አውድማው ይሞላል፣ ዋጋው ይወርዳል። ለምሳሌ ያህል ኩንታሉ በነሐሴ 12,000 ብር፣ በጥር 9,000 ብር ነው እንበል። ገበሬው በነሐሴ አንድ ኩንታል በዱቤ ወስዶ «በእህል እመልሳለሁ» ካለ በጥር አንድ ኩንታል ሰፍሮ ይገላገላል። ባለሱቁ «በብር ልጻፈው» ካለው ግን ዕዳው 12,000 ነው፤ እሱን ለመክፈል በጥር አንድ ኩንታል ከሲሶ መሸጥ አለበት። ወለድ አልተጠየቀም፣ አራጣ አልተባለም፣ ነገር ግን የኩንታል ሲሶ ሄዷል። ነጋዴው በበኩሉ በእህል ቢቀበል ነሐሴ ላይ ውድ የነበረውን እህል ሰጥቶ በርካሹ ጊዜ የሚቀበለው ያው ኩንታል ስለሆነ ኪሳራው የእሱ ነው። ሌላም ዓይነት አለ፦ ነጋዴው በክረምት ብር ያበድርና በጥር ጤፍ ይቀበላል፤ ዋጋውም ያኔ በችግር ሰዓት ይወሰናል። በዚያ ድርድር ማን እንደሚያሸንፍ መገመት አያስቸግርም።

ስለዚህ «በእህል ወይስ በብር?» የምትለው አጭር ጥያቄ የወቅቱ የዋጋ ለውጥ በማን ላይ እንደሚወርድ ትወስናለች። ሽማግሌ ገበሬዎች ይህን በወረቀት ባያሰሉትም ያውቁታል፤ ስለዚህም ነው «አንቱ ዘንድ በእህል ይሁንልኝ» ብለው የሚለምኑት። ነጋዴውም ስለሚያውቀው ነው «ደብተሬ ብር ነው የሚያውቀው» የሚለው። ደብተሩን የሚያምኑት በሚገርም መጠን ነው። ባለዕዳው ማንበብ የማይችል ቢሆንም ባለሱቁ ጮክ ብሎ ያነብለታል፣ አጠገቡ ያለ ጎረቤት ይሰማል። ምስክር ማለት ይኸው ነው።

ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ወደዚህ ዓለም ነው የገባው። አሁን ተመዝጋቢው ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። ሲቢኢ ብር ቀድሞት ነበር፣ ኤም-ፔሳ ተከተለው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ ግን ሰው «በቴሌ» ሲል ብዙ ጊዜ ሁሉንም ማለቱ ነው። ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ ክፍያ ብቻ እንዲሸጥ በ2015 ዓ.ም. ሲደነገግ ደግሞ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ ሹፌሮችና የባጃጅ ልጆች ሳይወዱ በግድ ለመዱት። ስልክ ጠልቶ የነበረ ሹፌር ሁሉ በአንድ ወር ምስጢር ቁጥሩን በጣቱ ያውቀው ጀመር።

ይህ ክፍያ ከሩቁ ሲታይ የፈረንሳዩን ካርድ ይመስላል። ልዩነቱ ያለው ማረጋገጫው ላይ ነው። እዚያ ማሽኑ ጠረጴዛው ላይ ስለሆነ ሁለቱም አንድ ድምፅ ይሰማሉ። እዚህ ማረጋገጫው በከፋዩ ስልክና በተቀባዩ ስልክ ለየብቻ ይደርሳል፣ ኔትወርክ ከዘገየ ደግሞ በአንደኛው ብቻ። በመካከል ባለችው ደቂቃ ጥርጣሬው የሻጩ ነው፦ ገዢው «ላክሁ» ብሏል፣ ዕቃው ተቋጥሯል፣ መልእክቱ አልመጣም። አጭበርባሪም የሚገባው በዚያች ክፍተት ነው። የውሸት ስክሪንሹት ያሳያል፤ ከራሱ ስልክ የባንኩን አጻጻፍ አስመስሎ መልእክት ይልካል። ነጋዴው የተማረው መከላከያ በጣም የታወቀ መከላከያ ነው፦ ምልክት መቁጠር። መልእክቱ ከ127 ነው የመጣው ወይስ ከተራ ቁጥር? ሂሳቡ ከበፊቱ ጋር ተደምሮ ትክክል ይመጣል? የላኪው ስም ከፊቴ ከቆመው ሰው ጋር ይሄዳል? የንግሥቲቱን ዕንቁ ይቆጥር የነበረ ዐይን አሁን ቁጥር ያነባል። ስሙ «ስክሪንሹት አልቀበልም» ሆነ እንጂ ነገሩ የቆየ ነው።

የኔትወርኩ ነገር በአማራ ክልል የተለየ ታሪክ አለው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ግጭቱ ሲበረታ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት በክልሉ ተቋረጠ፣ መቋረጡም ለረጅም ጊዜ ዘለቀ። በመተግበሪያ የሚሠራው ሁሉ ቆመ፤ በባንክ መልእክት ውስጥ የሚላከው የደረሰኝ ማያያዣም አይከፈትም ነበር። የሰው ክፍያ የተረፈው በኮከብና በመሰላል ምልክት የሚደወሉ አጫጭር ቁጥሮች ኢንተርኔት ስለማይፈልጉ ነው። አዲስ አበባ ያለ ወጣት እንደ ድሮ ነገር የሚያያቸው እነዚህ ቁጥሮች እዚህ የክፍያው ዋና መንገድ ሆኑ። «ኔትወርክ አለ እንዴ ዛሬ?» የሚለው የሴትዮዋ ጥያቄ ውስጥ ያለው ይህ ትዝታ ነው፤ ስልክን ስላልለመዱ አልጠየቁም።

ልጃቸው ዘንድ እንዲላክ ማለታቸውም ምክንያት አለው። መልእክቱን የሚያነበው፣ ምስጢር ቁጥሩንም የሚያስታውሰው ልጁ ነው። በዚህ ላይ ገንዘቡ በስልክ ውስጥ ሆኖ ገበያ አይገዛበትም የሚል አለ፤ ጨው ለሚሸጥላቸው ባላገር መስጠት የሚፈልጉት ወረቀቱን ነው። ከወኪል ለማውጣት ደግሞ ይቆረጣል። ይህች ቁራጭ ትንሽ ብትሆንም በንግግራችን ውስጥ ቦታዋን ይዛለች፦ «በቴሌ ከሆነ የማውጫውን ጨምርልኝ።» ገዢው አንዳንዴ ይጨምራል፣ አንዳንዴ «እኔስ ስልክ አልገዛሁም ወይ፣ እናካፍላት» ይላል።

የቀንድ ከብት ገበያው ግን ገና አልተበገረም። ለምን እንደሆነ ማየት አያስቸግርም። በሬ ሲሸጥ ሻጩ የራሱ መሆኑን የሚያረጋግጥ ዋስ ይጠራል፤ ከብቱ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂው ዋሱ ነው። ገዢው ብሩን በሰው ፊት ይቆጥራል፣ ሻጩ ደግሞ ይቆጥረዋል፣ አጠገቡ ያለው ሦስተኛው ይቆጥረዋል። ለሩቅ ነጋዴ የሚሸጥ ከሆነ ሁለቱ አብረው ባንክ ድረስ ሄደው ገንዘቡ ወደ ሻጩ ደብተር ሲገባ በዐይን አይተው ይለያያሉ። በስልክ የሚሆነው ሲገኝ ብዙ ጊዜ ቀብዱ ብቻ ነው፤ ቀሪው በእጅ። ሻጩ የሚሰጠው ምክንያት ኔትወርክ ነው። ጠለቅ ተብሎ ከተጠየቀ ግን ምክንያቱ «ገባ» የሚለውን የሚሰማው እሱ ብቻ መሆኑ ነው፤ ዋሱ አልሰማ፣ ጎረቤቱ አልሰማ፣ ነገ ክርክር ቢነሣ ስልኩን ለሽማግሌ አውጥቶ ማሳየት ሊኖርበት ነው። ሽማግሌው ደግሞ የቆጠሩትን ሰዎች መጠየቅ ይመርጣሉ።